ያልተቀባ ብረትን በቀለም ማምጣት፦ የአንድ ሲ-47 ሞዴል የጉዳይ ጥናት

ቀለም ያልተቀባ አውሮፕላን በሞዴል መሥራት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የትኛውን ብርማ ቀለም ልግዛ?” ብሎ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ያልተቀባ አሉሚኒየም የራሱ የሆነ አንድ ቀለም የለውም። ከላይ ሰማዩን ይዞ ሰማያዊ ይሆናል፣ አስፋልት ላይ ሆዱ ይጠቁራል፣ ሣር ላይ ሲቆም ደግሞ አረንጓዴ ይጥላል። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ የምንሠራው ብርሃን የሚመልስ ገጽ ነው። ያ ገጽ ደግሞ የሚወሰነው ከሁሉ በፊት ከቀለሙ ሥር ባለው ነገር ነው።

ይህን በአንድ ሥራ ላሳያችሁ። ሞዴሉ ሲ-47 ነው፣ ዲሲ-3 የተባለው ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ወታደራዊ የጭነት ዓይነት። መጠኑ 1/72፣ ማለትም እውነተኛው በ72 ተካፍሎ። እውነተኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሉ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ሲ-47 ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሺዎች ተመረተ። ለእኛ ያለው ቦታ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው።

ሞዴሉን ያዘዙኝ በወጣትነታቸው ዲሲ-3 የጠገኑ ጡረተኛ ቴክኒሺያን ናቸው። የጓደኛዬ አባት ናቸውና ጋሼ እላቸዋለሁ። ፍላጎታቸው ግልጽ ነበር። “አሁን ተወልውሎ ከሃንጋር የወጣ አታድርግብኝ” አሉኝ። “ሥራ ላይ ያለ አውሮፕላን ነው የምፈልገው። ቀን ቀን ፀሐይ፣ ማታ ማታ ጤዛ የሚያየው።”

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራውን ግማሽ በግማሽ ወሰነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ሞዴል ዓይን ይስባል፣ ግን የእሳቸው አውሮፕላን አይደለም።

እዚህ ላይ ብረቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን የአውሮፕላን ቆርቆሮ መዳብ የተቀላቀለበት ጠንካራ አሉሚኒየም ነው። መዳቡ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ግን ለዝገት ያጋልጠዋል። መፍትሔው ቆርቆሮውን በሁለቱም ገጽ በንጹህ አሉሚኒየም መሸፈን ነበር። ይህ ዓይነት ቆርቆሮ አልክላድ ይባላል። ሽፋኑ ስስ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ከጠቅላላው ውፍረት ከ2.5 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። እና ዓይናችን የሚያየው ያንን ንጹህ ሽፋን ነው። ሲወለወል በጣም ያበራል። ሲተው አየር ያገኘው አሉሚኒየም በራሱ ላይ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያበጃል፣ በጊዜ ብዛትም ወደ ግራጫ ያደላል፣ ፈዘዝ ይላል። ደጋግሞ መወልወልም ዋጋ አለው፤ ያንኑ መከላከያ ሽፋን ይበላዋል። ሥራ ላይ ያለ የዲሲ-3 ገላ እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መሃል የሆነ ቦታ ላይ ነው። እኔም ዒላማዬን እዚያ አደረግሁ።

ከዚያ ፎቶ ወደ ማየት ሄድኩ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለዚህ ሥራ ከባለቀለም የሚሻል ይመስለኛል። ቀለሙ ስለማያዘናጋ የብርሃኑን ልዩነት ብቻ ታያላችሁ። በገላው ጎን ላይ የአድማሱ መስመር ይታያል። ከመስመሩ በላይ ሰማዩ ነጣ ብሎ፣ ከታች መሬቱ ጠቆር ብሎ። ጭራው ላይ ስደርስ ግን ያ መስመር በአንድ ቦታ ቁርጥ ይላል። ራደሩ፣ ማለትም ቀጥ ያለው ጭራ ላይ የሚንቀሳቀሰው ክፍል፣ ምንም ነገር አያንጸባርቅም። ደብዘዝ ያለ፣ ወጥ የሆነ ግራጫ ነው።

ጋሼን ጠየቅኋቸው።

“ጨርቅ ነው እኮ ልጄ!” አሉኝ። “ራደሩም፣ ኤሌቬተሩም፣ ክንፉ ላይ ያሉት ኤለሮኖችም ጨርቅ ናቸው። ተወጥሮ፣ ተቀብቶ ነው የሚሠራው። ፍላፑ ግን ብረት ነው።”

ኤሌቬተሩ አግድም ጭራው ላይ፣ ኤለሮኖቹና ፍላፑ ደግሞ ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ናቸው። በዲሲ-3 ላይ ነገሩ እንዳሉት ነው። ጨርቁ ላይ የሚቀባው ብርማ ቀለም ደግሞ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም። ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ዱቄት የፀሐይን ጨረር እየመለሰ ጨርቁን ከመበስበስ ይጠብቀዋል። ለሞዴል ሰሪ ትርጉሙ ትልቅ ነው። አንድ አውሮፕላን ላይ እውነተኛ ብረትና ብረት የሚመስል ቀለም ጎን ለጎን አሉ ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ቀለም መንፋት አውሮፕላኑን መዋሸት ነው። ብዙ የተጨረሱ ዲሲ-3 ሞዴሎችን አይቻለሁ፤ ከምንም በላይ የሚጎድላቸው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቁሳቁሱ። ውጭ ያሉ ሞዴል ሰሪዎች ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመርጡት በላከር፣ ማለትም በቲነር በሚቀጥን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም፣ የተሠሩ ብርማ ቀለሞችን ነው። ከእነሱም አንዱ ስሙን ከቆርቆሮው ወርሶ አልክላድ 2 ይባላል። በጣም ጥሩ ቀለም ነው። ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ደግሞ የሞዴል ዕቃ የሚመጣው ባብዛኛው በሰው እጅ ነው። እባካችሁ ዘመድ አታስቸግሩ፣ የአውሮፕላን ደኅንነት ጉዳይ ነው። እኔ የመረጥኩት በውሃ የተሠራውን የቫዬሆ ሜታል ከለር ነው። በቀጥታ ኤርብረሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) ውስጥ ይገባል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ቅንጣቱም ደቃቅ ነው።

ስለ ቅንጣት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ርካሽ ብርማ እስፕሬይ ለምን ሞዴል ላይ እንደማይሆን የሚያስረዳው እሱ ነው። ማንኛውም ብርማ ቀለም ውስጥ ትንንሽ የብረት ቅንጣቶች አሉ። አንድ ቅንጣት 20 ማይክሮን፣ ማለትም 0.02 ሚሊ ሜትር፣ ስፋት አለው እንበል። በዓይን አይታይም። ግን ሞዴሉ 1/72 ነው። በ72 ስናባዛው 1.44 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው አውሮፕላን በዚህ ስፋት ባለው ብልጭልጭ አሸዋ ተነስንሶ ቢመጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ብርማ ቀለም ሞዴሉን አሻንጉሊት የሚያስመስለው። ደቃቅ ቅንጣት ያለው ቀለም ግን ጠፍጥፎ ይተኛል፣ እንደ አንድ ወጥ ገጽም ያበራል።

እዚህ አገር ያገኘሁት ሌላው ዋና ነገር ጥቁሩ መሠረት ነው። ቶሎ የሚደርቅ የሚያበራ ጥቁር የመኪና ቀለም፣ ከነቲነሩ። ይህን በጥንቃቄ ውሰዱት። የመኪና ቲነር የሞዴሉን ፕላስቲክ ይበላል። በወፍራሙ ከተነፋ ገጹ ይሰነጣጠቃል፣ ጥቃቅን መስመሮቹም ይጠፋሉ። መጀመሪያ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚነፋው ሽፋን)፣ ከዚያ ጥቁሩን ሳስ አድርጎ፣ እያደረቁ መንፋት ነው። ሁሉንም ነገር በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ሞከርኩ። ማንኪያው ጎባጣ ስለሆነ የአውሮፕላኑን ገላ ብርሃን በደንብ ያሳያል። ሥራው የሚሠራው በረንዳ ላይ፣ የኬሚካል ማጣሪያ ባለው ጭምብል ነው። የቡና ከሰል በአካባቢው እንዳይኖር። ወቅትም ይምረጡለት። በክረምት እርጥበት ላከር ሲደርቅ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያመጣል። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ መንፋት ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን ማለስለስ አለ። አብዛኛው የሥራው ጊዜ እዚህ ነው የሄደው፣ መሄድም ያለበት እዚህ ነው። ብርማ ቀለም ምንም አይደብቅም። በአረንጓዴ የጦር ቀለም ሥር ተሸሽጎ የሚቀር ጭረት እዚህ እንደ ጠባሳ ይወጣል። ሁለቱ የገላው ግማሾች የሚገናኙበትን መስመር የሞላሁት በሱፐር ግሉ ነው። ስቱኮ አልተጠቀምኩም። ስቱኮ ቀለም ይመጥጣል፣ ቦታው ከዙሪያው ደብዝዞ ይቀራል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲኩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በጣም ከመጠንከሩ በፊት ግን መሞረድ አለበት። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ800 ቁጥር ተነስቶ፣ ውሃ እየነከሩ እስከ 2000 ወጣ። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ልስላሴ ከመዋቢያ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው ባለአራት ገጽ የጥፍር ማለስለሻ ፍጹም መሣሪያ ነው። የመጨረሻው ገጹ ፕላስቲክን እንደ ብርጭቆ ያወጣዋል።

ጥቁሩ ተነፍቶ ሲደርቅ ሞዴሉን መብራት ሥር አዙሮ ማየት ነው። የአምፖሉ ምስል ገጹ ላይ ሳይሰበር መሄድ አለበት። የሚሰበርበት ቦታ ላይ ጭረት አለ፣ ወይ አቧራ አለ። እዚያው ታክሞ እንደገና ይነፋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መተው። ላዩ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ገና ለስላሳ ነው። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ማንኪያዎቹ ላይ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ስለ መሠረቱ ቀለም ነው። ያው አንዱ አሉሚኒየም ቀለም በሚያበራ ጥቁር ላይ ሲነፋ ጥልቀት ያለው፣ ብርሃንና ጥላው የጎላ ይሆናል። በግራጫ ላይ ሲነፋ ይነጣል፣ ይለሳለሳል። ምክንያቱም ብርማው ሽፋን በጣም ስስ ነው፣ የሥሩ ቀለም በእሱ አልፎ ይታያል። ስለዚህ ልዩነት ለማምጣት ብዙ ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም። ገላውንና ክንፉን በጥቁር ላይ፣ ጨርቆቹን ክፍሎች ደግሞ ደብዛዛ ግራጫ ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ጨርቆቹ ላይ ነጭ አሉሚኒየም የሚባለውን ከጥቂት ቀላል ግራጫ ጋር ቀላቅዬ ነፋሁ። በመጨረሻም ብርሃን የማይመልስ ቫርኒሽ አለበስኳቸው። ብረትነቱ ጠፋ፣ ብርማ ቀለምነቱ ቀረ። የሚፈለገውም እሱ ነው።

ዋናውን ብረት ስነፋ የአየሩ ግፊት 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነበር። ኤርብረሹ ቅርብ፣ ቀለሙ ትንሽ፣ እጅ የማይቆም። የመጀመሪያው ዙር ጥቁሩን ጢስ የነካው ብቻ ያስመስለዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ብረት ያደርገዋል። ከዚያ ማቆም ነው። ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መንፋት ጥልቀቱን ይገድለዋል፣ ሞዴሉ ወደ ተራ ግራጫነት ይመለሳል። እዚህ ላይ የጋሼን “ተወልውሎ የወጣ አታድርግብኝ” አስታውሼ የክንፉን ላይኛ ገጽ ከገላው ትንሽ አብዝቼ ነፋሁት። ፀሐይና ዝናብ ከላይ ነውና የሚወርደው፣ ክንፉ ከገላው ቀድሞ ይፈዛል።

ቀጥሎ የቆርቆሮዎቹ ልዩነት ነው። በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ዛሬ ብዙ ሞዴሎች እያንዳንዱ ቆርቆሮ በተለያየ ግራጫ ተቀብቶ እንደ ዳማ ሰሌዳ ሆነው ይታያሉ። እውነተኛው አውሮፕላን እንደዚያ አይደለም። ቆርቆሮ ሲመረት በሮለር ስለሚዳመጥ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፣ እንደ አቅጣጫውም ብርሃን ይመልሳል። ከአንድ ቦታ ስታዩት የጠቆረው ቆርቆሮ ሁለት እርምጃ ስትሄዱ ከጎረቤቱ ይነጣል። ይህን በቀለም ማስመሰል አይቻልም፤ ቀለም አንዴ ከጠቆረ ከየትም ቢታይ ጥቁር ነው። ስለዚህ በጣም ጥቂት ቆርቆሮዎችን ብቻ መረጥኩ፦ የሞተሮቹን ዙሪያ፣ ከጥገና በኋላ የተለወጡ የሚመስሉ ሁለት ሦስት ቦታዎችን። ዱራሉሚኒየም የሚባለውን ቀለም በጣም ሳስ አድርጌ ነፋሁባቸው። የማይነፋውን ቦታ የሚሸፍነውን ማስኪንግ ቴፕ መጀመሪያ መስታወት ላይ ለጥፎ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ሙጫው ካልደከመ ብረቱን ይዞ ይነሳል። ሲነሳም ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ቀስ ተብሎ።

ያ የቆርቆሮ አቅጣጫ ግን በቀለም ካልመጣ በምን ይመጣል? በራሱ በአሉሚኒየም። በግራ ጎን ያለውን ትልቁን የጭነት በር የሠራሁት በወጥ ቤት ፎይል ነው። ፎይሉ ተዳምጦ የተሠራ ስለሆነ አቅጣጫው በዓይን ይታያል። አንዱ ገጹ ያበራል፣ ሌላው ይፈዛል። ውፍረቱ ደግሞ ያስገርማል። 16 ማይክሮን የሆነ ፎይል በ72 ሲባዛ 1.15 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ከእውነተኛ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ብዙም የማይርቅ። የእንጨት ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥኜ ቀባሁ። ነጭነቱ ጠፍቶ መለጠፍ ሲጀምር ፎይሉን አስተኝቼ በጥጥ ከመሃል ወደ ዳር አሸሁት። ጠርዙ የሚቆረጠው በአዲስ ምላጭ ነው። ያልሳለ ምላጭ ፎይሉን ይቀደዋል። ይህ ዘዴ ጠፍጣፋ ለሆነ ቦታ ድንቅ ነው። አፍንጫው ላይና የሞተሩ ሽፋን ላይ ግን አይሆንም፣ ፎይል በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ገጽ ላይ ይጨማደዳል።

በሩ ከተቀባው ገላ ጋር ሲቀመጥ በጣም ነጭ ሆኖ ታየ። መፍትሔው እናቶቻችን ቤት ያለ ነው። ብረት ድስት ውስጥ ውሃ ደጋግሞ ሲፈላ ውስጡ ይጠቁራል፤ አሉሚኒየሙ ላይ የሚበቅለው ቆዳ ነው። ፎይሉንም ከእንቁላል ልጣጭ ጋር ውሃ ውስጥ አፍልቼ ጠቆር ያለ ቁራጭ አወጣሁ። ስንት ደቂቃ የሚለው እንደ ውሃው ስለሚለያይ እያዩ ማውጣት ነው። አዲሱ ቁራጭ ከገላው ጋር ገጠመ። ሞዴሉን ስታዞሩት በሩ ከዙሪያው እኩል አይለወጥም። አንዴ ይነጣል፣ አንዴ ይጠቁራል። የምፈልገው ይሄው ነበር።

ጽሑፍና ምልክት ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ በቤት ፕሪንተር የታተመ ዲካል (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ስስ የምልክት ሥዕል) ቀለሙ ብርሃን ያሳልፋል። ቢጫው በአሉሚኒየም ላይ ሲያርፍ ይቆሽሻል። ስለዚህ ጋሼ በሚያስታውሱት መሠረት ጭራው ላይ የገባውን ሰንደቅ ዓላማ መጀመሪያ ነጭ ነፍቼ፣ ከዚያ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርጌ ቀባሁት። ሁለተኛ፣ ሞዴሉን በሙሉ ቫርኒሽ አታልብሱት። ቫርኒሽ ብረቱን ወደ ቀለምነት ይመልሰዋል። በውሃ የተሠራ የሚያበራ ቫርኒሽ ዲካሉ ላይና ዳር ዳሩ ላይ ብቻ በቂ ነው።

የመጨረሻው እድፍ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ባለ14 ሲሊንደር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ናቸው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ስለሚያነዱ የጭሳቸው እድፍ ሁሉ ጥቁር አይደለም። መሃሉ ወደ ቀላል ግራጫና ወደ አፈር ቀለም ያዘነብላል፣ ዳሩ ነው የሚጠቁረው። ቡናማና ጥቁር ቀለም እጅግ አቅጥኜ፣ ከጭስ ማውጫው ጀምሬ በአየሩ አቅጣጫ ነፋሁት። ከዚያ መሃሉ ላይ ቀላል ግራጫ። የጭስ ማውጫው ራሱ አሉሚኒየም ሳይሆን ሌላ ብረት ነው። እሳት የበላው፣ ቡናማ፣ ምንም የማያበራ።

ሥራውን ለጋሼ ሳሳያቸው መጀመሪያ ያዩት ጭራውን ነው። ራደሩን በጣታቸው ሳይነኩ ዞር ዞር አድርገው አዩትና “ጨርቅ ሆኗል” አሉ። ቀጥለው ግን የሞተሮቹን ሽፋን አሳዩኝ። “ዘይቱስ? ዘይት የማያንጠባጥብ ሞተር ዘይት የሌለው ሞተር ነው።”

ልክ ናቸው። የጭሱን እድፍ ሠርቼ የዘይቱን ትቼው ነበር፣ ሆን ብዬ፣ አይተው ልኩን እንዲነግሩኝ። ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ፣ እሳቸው በጠቆሙኝ መገጣጠሚያ ላይ በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አደረግሁ። ንጹህ ደረቅ ብሩሽ ይዤም ወደ ኋላ ሳብኩት። በግራው ሞተር ላይ አብዛልኝ አሉ፣ በቀኙ ላይ አሳንስ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ የሚያስታውሱት አንድ አውሮፕላን ግራ ሞተሩ እንደዚያ ነበር። እንዳሉት አደረግሁት። ሞዴሉ አሁን እሳቸው ቤት፣ የመስታወት በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ለቤተሰቡ የነገርኳቸው አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ እንዲያነሱ፣ በአልኮልና በመስታወት ማጽጃ እንዳይነኩት፣ ሲያነሱትም ከመንኮራኩሮቹ ሥር እንዲይዙት ነው። የጣት ላብ ያልተቀባውን ፎይል ያደበዝዘዋል።